900 ያልነው 902፦ በቦታው አልገባ ያለ ቁም ሣጥንና የሜትር ንባብ

ይህ የጉዳይ ጥናት በአዲስ አበባ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ፣ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ባለ የመኝታ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እንዲገጠም ታዝዞ የተሠራ ቁም ሣጥን ለምን በቦታው ሊገባ እንዳልቻለ ይመረምራል። ሥራውን የሠራው እኔ በኃላፊነት የምመራው አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ስለ ሆነ ጥፋቱም የእኛው ነው። ቁም ሣጥኑ ከቦታው የበለጠው በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን ወደ ኋላ ስንከታተለው 3 ሚሊ ሜትሩ የ11 ሚሊ ሜትር ስሕተት ትርፍ መሆኑን፣ ከዚያም ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ለማግኘት ያስቸገረን ክፍል ቁጥሩ በሚነበብበት ጫፍ ሳይሆን ማንም ልብ በማይለው በመነሻው ጫፍ ላይ የተሸሸገ መሆኑን ተረዳን።

አናጺዎች «ሜትር» የምንለው እየተሳበ የሚወጣውን ባለ ብረት ጥብጣብ መለኪያ ነው፤ በዚህ ጽሑፍም ቃሉን በዚሁ ትርጉም እጠቀምበታለሁ። ለተለማማጅ ሜትር ማንበብ ስናስተምር የምንነግረው ስለ ጭረቶቹ ነው፤ አጭሯ ጭረት 1 ሚሊ ሜትር፣ ረዘም ያለችው 5፣ ቁጥር ያለባት 10 እንደ ሆነች እናሳየዋለን፤ ያንን ከያዘ በኋላ ለካ እንለዋለን። ትምህርቱ ትክክል ቢሆንም ግማሽ ነው። ርዝመት ሁለት ጫፍ አለው፤ ዓይናችን ያለው አንደኛው ጫፍ ላይ ሲሆን ሌላውን በጥብጣቡ መነሻ ጫፍ ላይ ላለው መንጠቆ አደራ ሰጥተን እንተወዋለን። ይህ ጉዳይ ያ አደራ እንዴት እንደ ተበላ የሚያሳይ ነው።

የሥራው ሁኔታ

ቦታው በመኝታ ክፍሉ ውስጥ በሁለት ግድግዳዎች መካከል የቀረ ገባ ያለ ክፍል ነው። የቤቱ እመቤት ልብስና አልጋ ልብስ የሚይዝ፣ ግድግዳዎቹን ዳር እስከ ዳር የሚሞላ ቁም ሣጥን ነበር ያዘዙን። አንድ ወጥ ሣጥን በሕንፃው ደረጃ መዞሪያ ላይ ስለማያልፍ ሥራው ጎን ለጎን በሚቆሙ ሁለት እኩል ሣጥኖች ተከፈለ፤ ቁሱም ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) እንዲሆን ተወሰነ።

ልኩን እንዲያመጣ የተላከው ከእኛ ጋር ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ተለማማጅ ነው። የራሱን ባለ 5 ሜትር መለኪያ ይዞ ሄደ፤ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ «ስፋት 1.88፣ ጥልቀት 0.60» ብሎ ጽፎ ተመለሰ። እኔም ያንን ቁጥር ይዤ ሥራውን አሰላሁ። ከ1880 ሚሊ ሜትር ላይ ለመግቢያ የሚሆን 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ስቀንስ 1872 ቀረ፤ ለሁለት ሲካፈል የእያንዳንዱ ሣጥን ስፋት 936 ሆነ። የላይኛው፣ የታችኛውና የመካከለኛው ቁራጭ በሁለቱ የጎን ቁራጮች መካከል ስለሚቀመጡ የሁለቱን ጎኖች ውፍረት፣ ማለትም 36 ሚሊ ሜትር፣ ቀንሼ የቁራጮቹን ርዝመት 900 አደረግሁ። ይህን የመሰለ ድፍን ቁጥር ለአናጺ ደስ ይላል፤ ለመያዝም ለመጥራትም አይከብድም።

ቁራጮቹን ያወጡት በሥራ ቤታችን ከሁሉም ይልቅ ረጅም ዘመን የሠሩት አንጋፋው አናጺ ናቸው። እጃቸው የታመነ ነው። በሥራ ገበታው ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጠውን የሥራ ቤቱን ሜትር አንሥተው መንጠቆውን በኤምዲኤፉ ዳር ላይ እያንጠለጠሉ 900 ላይ ምልክት አደረጉ፤ ምልክቱንም በስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን በሚያወጣው ማስመሪያ) አስምረው ቆረጡ። ሣጥኖቹ ከተገጣጠሙ በኋላ ሰያፎቻቸው ተለክተው እኩል ሆኑ፤ የውጭ ስፋታቸውም በዚያው ሜትር ሲለካ 936 አነበበ። ከሥራ ቤቱ ሲወጡ ያልተለካ ነገር አልነበረም ብዬ በሙሉ ልብ መናገር እችል ነበር።

በተገጠመበት ቀን

የመጀመሪያው ሣጥን ያለ ችግር ገብቶ ከግራው ግድግዳ ጋር ተጠጋ። ሁለተኛው የኋላ ጠርዙ እንደ ገባ ወዲያው ቆመ። ከታች በኩል በሣጥኑና በግድግዳው መካከል ካርቶን የሚያሳልፍ ክፍተት ይታያል፤ ከላይ ልክክ ብሏል፤ ወገቡ ላይ ግን ልስኑን ነክሶ አልንቀሳቀስ አለ። ከሠራተኞቹ አንዱ በእንጨት መዶሻ መታ መታ እናድርገው አለ፤ ሌላው ደግሞ የልስኑን ሆድ ትንሽ መፋቅ ይበቃል አለ። ሁለቱንም ከለከልሁ። ምክንያቴ ቀላል ነበር፤ በስሌቱ መሠረት በዚያ ቦታ ላይ 8 ሚሊ ሜትር መትረፍ ሲገባው ጭራሽ ጎድሏል፤ የጎደለው የት እንደ ሄደ ሳናውቅ መጋዝ ማንሣት በአንድ ስሕተት ላይ ሌላ መጨመር ይሆናል።

እመቤቲቱ በሩ ላይ ቆመው ሲመለከቱን ቆዩና «ልጆቼ፣ መጥታችሁ ለክታችሁ አልነበረም እንዴ?» አሉን። ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነተኛ ጥያቄ ነበር። ለክተናል፤ በሁለት ሜትርና በሁለት ሰው፣ ከሁለት ጊዜ በላይ ለክተናል። በዚያ ሰዓት የምመልሰው አልነበረኝም፤ ይቅርታ ጠይቄ ሁለተኛውን ሣጥን ይዘን ተመለስን።

ቦታውን ያለ ሜትር መለካት

በማግስቱ መጀመሪያ የፈለግሁት ከማንኛውም ንባብ ነፃ የሆነ ልክ ነበር። ይህንን መንገድ ያሳዩን አንጋፋው አናጺ ናቸው። ከቦታው ስፋት የሚያጥሩ፣ ጫፋቸው የሾለ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ጎን ለጎን ተደራርበው ይያዛሉ፤ ከዚያም የአንደኛው ጫፍ የግራውን፣ የሌላኛው ጫፍ የቀኙን ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ በዚያው እንዳሉም ጠብቀው ይታሰራሉ። የሚነበብ ቁጥር ስለሌለ የሚሳሳት ዓይን የለም፤ ዘንጎቹ የቦታው ስፋት ራሱ ናቸው። ከእኛ በፊት የነበሩ አናጺዎች የበርና የመስኮት ልክ በተቆረጠ ዘንግ ይይዙ እንደ ነበር ሲነገር እሰማ ነበር፤ እኔም የመሣሪያ እጥረት ያመጣው ዘዴ ይመስለኝ ነበር። ከዚህ ጉዳይ በኋላ እንደዚያ አላስብም።

ዘንጎቹን በሦስት ቦታ፣ ማለትም ከወለሉ አጠገብ፣ በወገብ ከፍታና ከላይ አስገብተን እያንዳንዱን ርዝመት በ1 ሜትር የብረት ማስመሪያ በጥንቃቄ ወሰድን። ከታች 1878፣ ከወገብ 1873፣ ከላይ 1876 ሆነ። ግድግዳው መካከል ላይ በልስን አብጧል። ተለማማጁ የለካው ወለሉ አጠገብ ብቻ ስለ ነበር ከሁሉ የሰፋውን ቦታ ወስዶልናል፤ በዚህ ብቻ 5 ሚሊ ሜትር ጠፋ። ይህ የሜትር ንባብ ስሕተት አይደለም፤ የት ላይ ማንበብ እንዳለበት ያልነገርሁት የእኔ ስሕተት ነው። በሁለት ግድግዳ መካከል የሚገባ ነገር በጠባቡ ቦታ እንደሚለካ እኔ አውቃለሁ፤ ለእርሱ ግን ማንም አልነገረውም ነበር።

የቀረው ጥያቄ ሁለት ሆነ። ከወለሉ አጠገብ 1878 የነበረው እንዴት 1880 ተባለ? 1872 እንዲሆን የታሰበው ሥራስ በትክክል ስንት ሆነ?

በማዕዘን ላይ የታጠፈው ጥብጣብ

ተለማማጁን ለብቻው አስቀምጬ እንዴት እንደ ለካ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። መንጠቆውን በግራው ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጥብጣቡን ወለል ለወለል ወደ ቀኙ ግድግዳ ዘረጋ፤ ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ጥብጣቡን ወደ ላይ አጠፈና በመታጠፊያው ላይ ያለውን ቁጥር አነበበ። ብዙዎቻችን የምናደርገው ነው። ነገር ግን ብረቱ በማዕዘን ላይ እንደ ወረቀት ስል ሆኖ አይታጠፍም፤ ክብ ሠርቶ ይነሣል። ስለዚህ ግድግዳውን የሚነካው ጭረት የትኛው እንደ ሆነ በዓይን ማየት አይቻልም፤ አንባቢው በግምት ይሞላዋል፤ ግምቱም ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ወዲያና ወዲህ ቢል አያስደንቅም።

«መቶ ሰማንያ ስምንት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር፣ ጋሼ» አለኝ። ይህን በመናገሩ አመሰግነዋለሁ፤ ምክንያቱም ሁለተኛውን ነገር የገለጠልን ይህ ቃሉ ነው። ያየው ከ188 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያነሰ ነበር፤ የጻፈው ግን «1.88» ነው። በሜትር አሐድና በሁለት አኃዝ ሲጻፍ ሚሊ ሜትሮቹ የሚቀመጡበት ቦታ የለም። እኔም ደብተሩን ሳነብ «1.88» የተባለው በእርግጥ 1880 ይሁን፣ ወይስ ወደዚያ የተጠጋጋ 1878 ወይም 1883 ይሁን የማውቅበት ምልክት አልነበረም። ሆኖም እንደ ትክክለኛ 1880 ቆጥሬ ከላዩ ላይ እስከ ሚሊ ሜትር የወረደ ስሌት ሠራሁ። ተለማማጁ ያጠጋጋውን እኔ እንዳልተጠጋጋ ወሰድሁት። ከግምቱም ከማጠጋጋቱም የመጣው 2 ሚሊ ሜትር ነው።

ማዕዘን ሳይታጠፍ የሚለካበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የሜትሩን ቀፎ፣ ማለትም ጥብጣቡ የሚጠቀለልበትን ቤት፣ ጀርባ ከቀኙ ግድግዳ ጋር አጣብቆ በቀፎው አፍ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብና የቀፎውን ርዝመት መጨመር ነው፤ በብዙ ሜትሮች ላይ ይህ ርዝመት በቀፎው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህኛው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን መደመሩ በጥድፊያ መካከል ይረሳል፤ ቀፎውም በውድቀት ከተጎዳ ወይም ጎማው ከለቀቀ የተጻፈው ልክ እውነት መሆኑ ያበቃል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ከግራው ግድግዳ 1000 ላይ በወለሉ ወይም በግድግዳው ላይ ቀጭን ምልክት ይደረጋል፤ ከዚያም ከቀኙ ግድግዳ ተነሥቶ እስከዚያ ምልክት ይለካል። ጥብጣቡ የትም ቦታ አይታጠፍም፤ ሁለቱም ንባቦች በግልጽ በሚታይ ጭረት ላይ ይውላሉ፤ የሚጨመረውም ሁልጊዜ ድፍን 1000 ስለ ሆነ መሳሳት ይከብዳል።

በሥራ ገበታው ላይ የነበረው ሜትር

አሁን ወደ ሣጥኖቹ እንምጣ። የተቆረጡትን ቁራጮች በብረት ማስመሪያው ስንለካ ከ901.5 እስከ 902 ሚሊ ሜትር ሆነው አገኘናቸው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫና በአንድ መጠን በልጠዋል። ይህ ለእኔ ትልቅ ፍንጭ ነበር። የሰው እጅ ሲሳሳት አንዱን ያሳጥራል፣ ሌላውን ያስረዝማል፤ በወጥነት የሚሳሳት መሣሪያ ነው።

መጀመሪያ የተጠራጠርነው የእርሳሱን ውፍረትና የመጋዙን አካሄድ ነበር። የአናጺ እርሳስ ካልተሳለ መስመሩ ራሱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ሊጠጋ ይችላል፤ ምላጩም ሲቆርጥ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይበላልና ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንደሚሄድ ካልተወሰነ ልዩነት ያመጣል። አንጋፋው አናጺ ግን እርሳሳቸውን ሁልጊዜ በስለት ያሾላሉ፤ መጋዙንም በሚጣለው ወገን ነው የሚያስኬዱት፤ በፊታችን ሌላ ቁራጭ ሲያወጡ ከምልክታቸው የራቁት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰ ነው። የኤምዲኤፉን ውፍረት በካሊፐር (ውፍረትን ቆንጥጦ በሚለካው መሣሪያ) ለካን፤ 18 ነው። ቀጥሎ የሜትሩን ጭረቶች ጠረጠርን። በጥብጣቡ መጀመሪያ ላይ በሞላላ ክበብ ውስጥ የሮማ ቁጥር ሁለት ታትሞበታል፤ በአውሮፓ ደንብ ይህ ደረጃ እስከ 1 ሜትር ላለ ርዝመት የሚፈቅደው ስሕተት 0.5 ሚሊ ሜትር፣ እስከ 2 ሜትር ላለው ደግሞ 0.7 ነው። በእርግጥም ጥብጣቡን ከብረት ማስመሪያው ጎን አስተኝተን ከ100 ጭረት እስከ 1000 ጭረት ስናመሳክረው ልኩ 900 ሆነ። ጭረቶቹ እውነተኞች ናቸው። ያልተመረመረው ከዜሮ እስከ 100 ያለው ክፍል፣ በተለይም መንጠቆው ብቻ ነበር።

የሜትር መንጠቆ እንደሚንቀሳቀስ ሁሉም ያውቃል፤ ብዙዎች ግን እንደ ብልሽት ይቆጥሩታል፤ እንዲያውም በመዶሻ ቀጥቅጠው የሚያጠብቁት አጋጥመውኛል። መንቀሳቀሱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። መንጠቆው በእንጨት ዳር ላይ ተንጠልጥሎ ሲሳብ ልኬቱ የሚጀምረው ከመንጠቆው ውስጠኛ ፊት ነው፤ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሲገፋ ደግሞ ከውጫዊው ፊት ነው። በሁለቱ ፊቶች መካከል ያለው ልዩነት የመንጠቆው ውፍረት ነው። መንጠቆውን ከጥብጣቡ ጋር የሚያያይዙት ሪቬቶች የገቡበት ቀዳዳ ሞላላ የሆነው መንጠቆው ልክ በራሱ ውፍረት መጠን ወዲያና ወዲህ እንዲንሸራተት፣ ዜሮውም በሁለቱም አኳኋን በቦታው እንዲገኝ ነው። የእኛን መንጠቆ በካሊፐር ስንለካው ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ሆነ። እንቅስቃሴው ግን 3 ሚሊ ሜትር ነበር። በተሳበ ጊዜ ከሚገባው በላይ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል፤ ስለዚህ በእንጨት ዳር ላይ ሲንጠለጠል የጥብጣቡ ዜሮ ከዳሩ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ 900 ላይ የተደረገው ምልክትም ከዳሩ 902 ይርቃል።

ቀዳዳው እንዴት እንደ ሰፋ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ለክተን ስንጨርስ ሜትሩን እንለቀዋለን፤ ጥብጣቡ በፍጥነት ተጠቅልሎ ሲገባ መንጠቆው ከቀፎው አፍ ጋር ይጋጫል። መንጠቆው ይቆማል፣ ጥብጣቡ ግን ገና ወደ ውስጥ እየሮጠ ነው፤ የዚህ ጉተታ ኃይል በሙሉ በሪቬቶቹና በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያርፋል። በቀን ብዙ ጊዜ፣ በዓመት እልፍ ጊዜ ሲደጋገም ቀዳዳው ወደ አንድ ወገን ይረዝማል፤ ያም ወገን መንጠቆውን ወደ ውጭ የሚያወጣው ነው። ጥብጣቡን በአውራ ጣት እየያዙ ቀስ አድርጎ ማስገባት ለሜትሩ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ለዜሮውም ጥበቃ ነው።

የዚህ ሜትር ክፋት ደግሞ በሁለት ፊት መናገሩ ነው። ሲገፋ እውነት ያነባል፤ ሲሳብ 2 ሚሊ ሜትር ያሳንሳል። አንድን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ሜትር መለካት ጥሩ ልማድ መሆኑን እኔም ለብዙ ሰው ተናግሬአለሁ። በዚህ ጉዳይ ግን ተለማማጁ የሥራ ቤቱን ሜትር ይዞ ሄዶ ቢሆንም ኖሮ አንድንም ነበር፤ ምክንያቱም ግድግዳው የሚለካው በመግፋት፣ ቁራጩ የሚለካው በመሳብ ነው። መንጠቆው ጤነኛ ካልሆነ አንዱ ሜትር ሁለት ሜትር ነው። «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው የቆየ ምክርም አላዳነንም። ቁራጩ ከተቆረጠ በኋላ በዚያው መንጠቆ ተንጠልጥሎ ሲለካ ሁልጊዜ 900 ያነባል፤ 902 የሆነውን ያሳጠረው መንጠቆ መልሶ ምስክር ሆኖ ይቀርባል። ከሥራ ቤቱ ሲወጣ 936 ያልነው ሣጥን 938 ነበር፤ ሁለቱ ሲደመሩ 1872 ሳይሆን 1876።

ያልሰማነው ምልክት

ይህንን ስንነጋገር አንጋፋው አናጺ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ አንድ ነገር ተናገሩ። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ 1220 በ2440 ተብሎ የሚመጣው ኤምዲኤፍ ስፋቱ 1218 እየሆነባቸው ተቸግረው ነበር። የኤምዲኤፉ መጠን መሠረቱ 4 ጫማ በ8 ጫማ መሆኑን፣ 1 ጫማም 304.8 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ 4 ጫማ በትክክል ሲሰላ 1219.2 እንደሚመጣ ያውቃሉ። ስለዚህ ፋብሪካው በጫማ ቆርጦት ይሆናል፣ ጥቂትም አሳንሶት ይሆናል ብለው ለራሳቸው ምክንያት ሰጡና አለፉት። አንድ ኤምዲኤፍ አውጥተን በብረት ማስመሪያ ለካነው፤ 1220 ሆነ። ሜትሩ ጥፋቱን በየዕለቱ ሲናዘዝ ቆይቶ ነበር፤ እኛ ኤምዲኤፉን ከሰስን።

ይህ ከጉዳዩ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ነጥብ ነው። ልምድ ያለው ሰው ያልተጠበቀ ቁጥር ሲያይ ምክንያት ለማግኘት አይቸገርም፤ የእርሳቸውም ምክንያት እውቀት ያለበት ነበር። ነገር ግን ልኩ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር በሜትር ላይ ሌላ ቁጥር ሲያሳይ መጀመሪያ የሚመረመረው ሜትሩ መሆን አለበት። ይህንን ለማድረግ የሚጠይቀው ጊዜ ደግሞ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ቀጥ ያለ አንድ ቁራጭ ተወስዶ መንጠቆው በዳሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይለካል፤ ከዚያ ያው ቁራጭ አንድ ጫፉ ግድግዳ ነክቶ ወለል ላይ ይተኛል፤ ሜትሩም ከጎኑ ግድግዳውን እየገፋ እስከ ሌላኛው ጫፉ ይነበባል። ሁለቱ ንባቦች እኩል ካልሆኑ መንጠቆው ታሟል። የትኛው ንባብ እውነት እንደ ሆነ የሚፈርደው ሦስተኛው ነው፤ የቁራጩን ዳር ከ100 ጭረት ጋር አስተካክሎ ሌላውን ጫፍ ማንበብና 100 መቀነስ። እኛ 1000 ሚሊ ሜትር በሆነ ቁራጭ ስንሞክረው በመሳብ 998፣ በመግፋት 1000፣ ከ100 ተነሥተን ደግሞ 1100 አነበብን።

ከ100 መጀመር ከመንጠቆ ነፃ የሚያወጣ አስተማማኝ መንገድ ቢሆንም የራሱ አደጋ አለው። መቀነሱ ከተረሳ ስሕተቱ 2 ሚሊ ሜትር ሳይሆን ሙሉ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለት ሰው ሲሠራ ደግሞ ጥብጣቡን 100 ላይ የያዘው ሰው መያዙን ለአንባቢው ጮክ ብሎ መናገር አለበት። ንባቡም ሲወሰድ ጥብጣቡ ጎበጥ ያለ ስለ ሆነ ጠርዙ ከእንጨቱ ከፍ ብሎ እንደሚቀር መታወቅ ይኖርበታል፤ ዓይን ከጎን ሲያይ ጭረቱ ከቦታው የተንሸራተተ ይመስላል። ጥብጣቡን በጣት ጋደል አድርጎ ጠርዙን ከእንጨቱ ጋር ማገናኘትና ከጭረቱ ትይዩ ሆኖ ማየት ይህንን ያስወግዳል።

ጥገናው

ሒሳቡ አሁን ተዘጋ። የታሰበው ክፍተት 8 ሚሊ ሜትር ነበር። በማዕዘኑ ንባብ 2፣ በጠባቡ ቦታ ካለመለካት 5፣ በመንጠቆው ከሁለቱ ሣጥኖች 4፣ ድምሩ 11፤ ከ8 ላይ ሲነሣ 3 ሚሊ ሜትር ይጎድላል። ሣጥኑ ወገቡ ላይ የነከሰውም ይህንኑ ያህል ነው። ከሦስቱ ስሕተቶች ማናቸውም ለብቻው ቢሆን ኖሮ 8 ሚሊ ሜትሩ ይውጠው ነበር፤ ሥራው ገብቶ ማንም ሳያውቅ ይቀር ነበር። ከዚህ በፊት ስንት ሥራ እንደዚያ እንዳለፈ መገመት እችላለሁ።

ቀላሉ መፍትሔ ከሁለተኛው ሣጥን ብቻ መቀነስ ነበር፤ የመጀመሪያው ቀድሞ ገብቷልና። ነገር ግን በሮቹ ጎን ለጎን የሚታዩ ስለ ሆኑ አንዱ ጥንድ ከሌላው በ1 ሴንቲ ሜትር ቢጠብ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፤ እመቤቲቱም ያዘዙት እኩል የሆነ ሥራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውንም አስወጥተን ሁለቱንም ፈታን፤ ከየሣጥኑ 5 ሚሊ ሜትር አነሣን። አግድም የሚገቡት ቁራጮች ሁሉ ከ902 ወደ 897 ወረዱ፤ የእያንዳንዱ ሣጥን ስፋት 933፣ የሁለቱ ድምር 1866 ሆነ። ጀርባቸውም እንደዚሁ ተስተካከለ። ከአራቱ በሮች እያንዳንዳቸው 2.5 ሚሊ ሜትር ተቆርጦ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ አዲስ ኤጅባንድ (የጠርዝ መሸፈኛ) ተለጠፈ። ሥራው ሁለት ሙሉ ቀን ወሰደብን፤ ወጪውን እኛ ቻልን።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ሁለቱም ሣጥኖች በእጅ ግፊት ብቻ ገቡ። ከወገብ ላይ 7፣ ከላይ 10፣ ከታች 12 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቀረ፤ ይህም በሁለቱ ወገን ከግድግዳው አካሄድ ጋር በተላጉ ቀጫጭን ክፈፎች ተሸፈነ። ክፈፎቹን የላጉት አንጋፋው አናጺ ሲሆኑ፣ ልኩን በዘንጎቹ የወሰደላቸው ተለማማጁ ነው።

በዚያው ሳምንት በሥራ ቤቱ ያሉትን ስድስት ሜትሮች ሁሉ በሦስቱ ንባብ ፈተንናቸው። የሦስቱ መንጠቆ በውፍረቱ መጠን ብቻ ይንቀሳቀሳል። አንዱ ላይ ሙጫ ደርቆበት መንጠቆው ወደ ውጭ እንደ ወጣ ተጣብቋል፤ በመሳብ ትክክል ሲሆን በመግፋት 1 ሚሊ ሜትር ያሳንሳል፤ ሙጫውን ጠርገን ዳነ። አንዱ ወድቆ መንጠቆው ተጣምሟል፤ በሁለቱም አኳኋን ስለሚሳሳት ተጣለ። በሥራ ገበታው ላይ የነበረውን ግን አልጣልነውም። መንጠቆውን ነቅለን የጥብጣቡን ጫፍ ወደ ቀፎው ተስቦ እንዳይጠፋ በትንሽ ብሎን ያዝነው፤ ከ100 ጭረት ላይ ቀይ ቀለም ቀባንበት፤ ከዚያ ወዲህ በእርሱ የሚለካ ሁሉ ከቀዩ ይጀምራል።